ሳይቀየር ቅረጹት

አምስተርዳም የገባሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሻንጣዬን ማረፊያዬ ጣል አድርጌ፣ ካሜራዬንና መቆሚያውን ይዤ በቀጥታ ደ ፓይፕ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ቦዮቹንም ሙዚየሞቹንም ለሌላ ቀን አቆየኋቸው። የመጣሁት ከሃምሳ ዓመት በፊት አንድ ፊልም የተቀረጸበትን ሰፈር በእግሬ ልዞረው ነው።

ፊልሙ በ1972 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለኔዘርላንድ ቴሌቪዥን የተሠራ ነው። የሚናገሩት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ደ ፓይፕ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተገነባ፣ ቤቶቹ ተደጋግፈው የቆሙበት፣ ጎዳናዎቹ ጠባብ የሆኑ ሰፈር ነው። በፊልሙ ውስጥ ግራና ቀኙን የቆመ መኪና ሞልቶታል፤ በመሃል ደግሞ ሌላው መኪና ያልፋል። ልጆቹ መጫወቻ አጥተዋል። ፊርማ ያሰባስባሉ፣ ጎዳናቸውንም ራሳቸው በመከለያ ይዘጋሉ። ይሄኔ አንድ ሹፌር በንዴት መጥቶ መከለያውን አንስቶ ይጥለዋል።

እኔ የከተማ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ እንዲመች የሚቀሰቅሱ አጫጭር ፊልሞችን እሠራለሁ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ያቺን ትዕይንት ባሳየው ይበቃል። ካርታ አልተዘረጋ፣ ቁጥር አልተደረደረ፤ ያየ ሰው ግን ‹‹ለመሆኑ መንገዱ የማን ነው?›› እያለ ነው የሚነሳው።

ፊልሙ ብቻውን አገር ለወጠ ማለቴ አይደለም። በ1971 በኔዘርላንድ መንገዶች ላይ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከነሱ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆች ‹‹የልጆች ግድያ ይቁም›› ብለው አደባባይ ወጡ። በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ደግሞ መንግሥት በተከታታይ እሑዶች መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሰዉም ባዶ አውራ ጎዳና ላይ በብስክሌት ሲንሸራሸር ሌላ ዓይነት ከተማ ሊኖር እንደሚችል በዓይኑ አየ። ሐዘኑም ቁጣውም አስቀድሞ ነበር። ፊልሙ ያደረገው መልክ መስጠት ነው፤ ያ መልክ እነሆ ዛሬም እኔን ከሩቅ ጎትቶ አመጣኝ።

ከደ ፓይፕ ጎዳናዎች አንዱ በሆነው ፍራንስ ሃልስ ላይ ካሜራዬን ተከልኩ። ድሮ መኪና ይደረደርበት በነበረው ጠርዝ ላይ አበባ ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል፣ ብስክሌቶች ተደግፈዋል። በ2018 በአቅራቢያው ካለው ቦይ ሥር 600 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተከፍቷል፤ ከላይ ያለው መሬት ለሰው ከተረፈባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። አግዳሚው ላይ አንዲት አረጋዊት ጋዜጣ ያነብባሉ። ብዙ ቆሜ ሲያዩኝ ጋዜጣቸውን አጠፉ።

‹‹ምን ሊመጣ ነው ልጄ የምትጠብቀው?››

‹‹ምንም አይመጣም እናቴ። መንገዱን ነው የምቀርጸው።››

‹‹ባዶውን?››

‹‹ባዶ አይደለም እኮ፤ እርስዎ አሉበት።››

ሳቅ አሉና የተቀመጡበትን አግዳሚ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ‹‹እዚህ ላይ መኪና ነበር የሚቆመው። ከመስኮቴ ቁልቁል ሳይ የማየው የመኪና ጣሪያ ብቻ ነበር›› አሉኝ። የዚያን ጊዜ ፎቶ ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ‹‹የሠርግ አለኝ፣ የልደት አለኝ። የቆመ መኪና ማን ፎቶ ያነሳል?››

ይህቺ ንግግራቸው እስከ ጉዞዬ መጨረሻ አልለቀቀችኝም። እኔም የቆሰልኩበት ጉዳይ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ከተማ አንዱን ጎዳናውን ለእግረኛ ለቅቆ ነበር፤ እኔ የደረስኩት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ሕፃናት ሲሮጡ፣ ሽማግሌዎች ሲያወጉ፣ ዛፉ ሲወዛወዝ አሳምሬ ቀረጽኩ። ፊልሙን የሌላ ሰፈር ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሳሳየው አንድ ሰው እጁን አውጥቶ፣ ‹‹ይሄ መንገድ እኮ ድሮም ሰፊና ጸጥተኛ ስለሆነ ነው። የእኛን አይመስልም›› አለ። አዳራሹ በሙሉ ተስማማ። የኋለኛውን እንጂ የፊተኛውን የሚያሳይ አንዲት ምስል በእጄ አልነበረችም። የሰው ልጅ መንገድን ቶሎ ይረሳል። ከተቀየረ ዓመት ሳይሞላው ‹‹ሁልጊዜም እንዲህ ነበር›› ይላል፤ እና ያ ፊልሙን ያሳየሁበት ሰፈር ዛሬም ሳይቀየር እንዳለ ነው።

ስለዚህ አሁን ማንም ምክር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው። መንገዱ ገና አስቀያሚ ሳለ ቅረጹት። አሮጊት መሻገር አቅቷት ዜብራው ጫፍ ላይ ስትቆም፣ ሰዓቱን ይዛችሁ ሳትቆርጡ ቅረጹ። ቦታዋን ምልክት አድርጋችሁ ያዙ፤ ኋላ እዚያው ነጥብ ላይ፣ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ሰዓት ትመለሳላችሁ።

ከአምስተርዳም ወደ ሰሜን በባቡር ወደ ግሮኒንገን ሄድኩ። ዝናብ ነበር፤ ደስ አለኝ። የእኛ ሙያ ትልቁ ኃጢአት ፀሐይ መምረጥ ነው። ፊልሞቻችን ውስጥ ሁሉም ሰው ወጣት ነው፣ ሁሉም ጤነኛ ነው፣ ሰማዩ ሁሌ ጥርት ያለ ነው። ተመልካች ይህን ያውቃል፤ በሆዱ ‹‹ዝናብ ሲመጣስ?›› ይላል። ግሮኒንገን ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ሰዉ የዝናብ ልብሱን ደርቦ ይነዳል፤ እናት ልጇን ከፊት አስቀምጣ፣ ተማሪው ቦርሳውን በላስቲክ ጠቅልሎ። ያንን ለግማሽ ቀን ቀረጽኩ።

ይህች ከተማ ለፊልም ሠሪ አስቸጋሪ ናት፤ ዋናው ነገሯ በዓይን አይታይምና። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1977 የከተማዋ መሃል በአራት ክፍሎች ተከፈለ። እግረኛና ብስክሌተኛ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደልቡ ያልፋል፤ መኪና ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በቀጥታ መሻገር አይችልም። ወደ ውጭኛው ቀለበት መንገድ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በሌላ በኩል መግባት አለበት። ብዙ ግንብ አልፈረሰም፣ ብዙ ሕንፃ አልተሠራም፤ የተቀየረው በአብዛኛው የመንገድ ምልክትና የጉዞ አቅጣጫ ነው። ዕቅዱን የገፋው ማክስ ቫን ደን በርግ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ የከተማ ምክር ቤት ሰው ነው። ነጋዴዎቹ አምርረው ተቃውመውት ነበር።

እና ይህን እንዴት ትቀርጸዋለህ? የሌለ ነገር ነው እኮ። አቋራጭ የሚሄድ መኪና አለመኖሩን በምን ታሳየዋለህ?

ማታ ሳሰላስል አንድ ነገር መጣልኝ። በማግሥቱ እዚያው የተዋወቅኳቸውን ሁለት ተማሪዎች ለመንኩ። አንዷ በብስክሌት፣ ሌላው በጓደኛው መኪና፣ ከአንድ በር ተነስተው በሌላው ክፍል ወዳለ አንድ በር እንዲሄዱ። ሁለቱም ስልካቸውን ፊት ለፊት አሠሩ። ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድም የትረካ ቃል አላስፈለገኝም። ልጅቷ ደርሳ፣ ብስክሌቷን ቆልፋ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ መኪናው ገና ቀለበት መንገዱ ላይ መብራት ይዞት ነበር። ሹፌሩ አልተከለከለም፤ ይደርሳል። ግን ለአጭር መንገድ መኪና ማስነሳቱ ዋጋ የለውም። ከተማዋ ሰዉን በቅጣት ሳይሆን በመንገዱ አቀማመጥ ነው ያሳመነችው፤ ዛሬ ነዋሪዎቿ ከሚያደርጉት ጉዞ ከግማሽ በላዩ በብስክሌት ነው።

ሌላም የወደድኩት ነገር አለ። አንዳንድ መስቀለኛ መንገዶች ላይ ለብስክሌተኞች አረንጓዴ የሚበራው ከአራቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ነው። መኪናው ሁሉ ይቆማል፤ ብስክሌተኛው ግን ከየአቅጣጫው ተነስቶ መሃል ላይ ይገናኛል። ካሜራዬን በአምስት ዓመት ልጅ ዓይን ከፍታ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። መብራቱ በራ። ጎማ፣ እግር፣ የዝናብ ልብስ ጫፍ፣ ውኃ የሚረጭ መንኮራኩር ከየቦታው መጣ። አንዱ ትንሽ ቀነስ ያደርጋል፣ ሌላዋ በዓይኗ ታሳልፈዋለች፣ አንድ ሽማግሌ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ይታጠፋሉ። ማንም ማንንም አልነካም። ከዚያ መሃሉ ባዶ ሆነ፣ መኪናዎቹ ተነሱ። ይህችን ቀረጻ አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልቆረጥኳትም። ተመልካች እስኪጨርስ ትንፋሹን ይዞ ያያታል፤ ሙዚቃ ብጨምርባት ግን ጨዋታ ትመስላለች። ድሮ ሙዚቃ እጨምር ነበር፤ አሁን የመንገዱን የራሱን ድምፅ ነው የምተወው። የሰው ንግግር ከሩቅ የሚሰማበት ጎዳና ጤነኛ ጎዳና ነው፤ ይህን ደግሞ ከፎቶ ይልቅ ፊልም ነው የሚያስመሰክረው።

ዊልያም ኋይት የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ የኒው ዮርክ አደባባዮች ላይ ካሜራ እየሰቀለ ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ የት ቆሞ እንደሚያወራ ለዓመታት ቀርጿል። ካገኛቸው ነገሮች ትልቁ ሲሰሙት የሚታወቅ ይመስላል፤ ሰው ይበልጥ የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ይህ በወረቀት ቢቀርብ ማን ያነበዋል? በምስል ሲታይ ግን፣ ሰው ወንበሩን ከመቀመጡ በፊት ጥቂት ሳንቲሜትር ሲያንቀሳቅስ ስታይ፣ ታምናለህ። በ2009 የኒው ዮርክ ከተማ ታይምስ ስኩዌር ላይ የብሮድዌይን መንገድ ለመኪና ዘግቶ ተራ ታጣፊ ወንበር ሲያፈስበት፣ ሰዉ ወዲያው ሞላው።

የመጨረሻ ማረፊያዬ የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ነበረች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የመጀመሪያውን ቀን በትንፋሽ እጥረት አሳለፍኩት። የሄድኩበት ምክንያት ሲክሎቪያ ነው። ከዲሴምበር 1974 ጀምሮ የመጣ ልማድ ሲሆን፣ እሑድና በዓል ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ይዘጋሉ። ዛሬ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለሯጭ ይለቀቃል።

ይህንን ሲክሎቪያ በ2007 ስትሪትፊልምስ የተባለ የኒው ዮርክ ቡድን አሥር ደቂቃ ገደማ በሆነ ፊልም ቀርጾ በኢንተርኔት ለቆት ነበር፤ በብዙ ከተሞች ታየ። በዓመቱ፣ ኦገስት 2008፣ ኒው ዮርክ ራሷ ፓርክ አቬኑን ለሦስት ቅዳሜዎች ለሰው ከፈተች፤ የከተማዋ ባለሥልጣናትም ከአርአያዎቻቸው አንዷ ቦጎታ መሆኗን ተናግረዋል። ያንን ቀን ያመጣው ፊልሙ ነው ብዬ አልምልም። ግን አንድ ሹም ‹‹ይህ እኮ አይሆንም›› ሲል፣ ‹‹ሆኗል፣ ይኸው›› ብሎ ስልክ ማውጣት መቻል ቀላል ነገር አይደለም። ከተማ ለከተማ ማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

እሑድ ማለዳ ሰባተኛ ጎዳና ላይ ወጣሁ። ሰፊው መንገድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ማዕዘን መረጥኩና ቀኑን ሙሉ ከዚያች አልተነቃነቅኩም፤ ምክንያቱም እዚህ የፊቱና የኋላው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ይገኛል። ሌላ ከተማ አሥር ዓመት የሚያስጠብቀኝን ቦጎታ በአንዲት ሰዓት ታሳየኛለች።

እኩለ ቀን ላይ አንድ አባት ሴት ልጁን ብስክሌት ሊያስተምር መጣ። ስድስት ዓመት ብትሆናት ነው። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል፣ ይለቃል፣ ትወላገዳለች፣ ይይዛል። ከእኔ ሃያ ሜትር ይርቃሉ፤ ‹‹አትልቀቀኝ!›› ስትል ግን ጆሮዬ ሥር የተናገረች ያህል ጥርት ብሎ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ለቀቃት። እሷ አላወቀችም። አራት አምስት ሜትር ብቻዋን ሄደች፣ ከዚያ ዞር ብላ አጠገቧ እንደሌለ አየች፤ ጮኸች፣ ግን አልወደቀችም።

ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ሠራተኞቹ መከለያዎቹን ማንሳት ጀመሩ። ማንም አልተቆጣም፤ ሰዉ ለምዶታል፣ እየተሰበሰበ ወደ ጠርዝ ወጣ። መጀመሪያ አንድ ሞተር መጣ፣ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ አውቶቡሶች ተከታትለው። ካሜራዬ ያለችው እዚያው ጠዋት የተከልኳት ነጥብ ላይ ነው፤ ክፈፉ አልተነካም፣ ሌንሱ አልተነካም። አባትየው ብስክሌቱን በአንድ እጁ፣ ልጁን በሌላው አንጠልጥሎ እግረኛ መንገዱ ላይ አወጣቸውና እጇን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ልጅቷ መንገዱን እያየች አንድ ነገር ጠየቀችው። አሁን ቀረጻውን ደጋግሜ ከፍቼ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ከፊቴ አሥር ሜትር አትርቅም። የአውቶቡሱ ድምፅ ሸፍኖት ምን እንዳለችው አይሰማም።