የጫማ ካርቶን አየር ኃይል፦ ከአዳማ

ሰላም የሞዴል ወዳጆች። ባለፈው ጽሑፌ፣ ከካርቶን ከምሠራቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች የአሜሪካውን ተዋጊ ጄት ኤፍ-5ኢ ጨርሼ ወደ ሶቪየቱ ተዋጊ ጄት ሚግ-21 እየዞርኩ ነው ብያችሁ ነበር። ሚጉ አሁን ክንፍና ጭራ አውጥቷል። አፍንጫው ግን ገና እያስቸገረኝ ነው።

ዕቃው ያው የምታውቁት ነው። የጫማ ካርቶን፣ ምላጭ፣ ነጭ ኮላ፣ ማስመሪያ። የአዳማ ነፋስ ኮላውን ቶሎ ያደርቅልኛል፤ አቧራውን ደግሞ ቀለሙ ላይ ይለጥፍብኛል። ስለዚህ ቀለም የምቀባው ማታ፣ መስኮቱን ዘግቼ ነው። ቤተሰቡ በቀለሙ ሽታ ቢማረርም ለምዶታል።

የምሠራው በ1 ለ 50 ነው፤ ማለትም ከእውነተኛው 50 ጊዜ አሳንሼ። ሒሳቡ አያደክምም፤ ሜትሩን በሁለት ስታባዙት ሴንቲ ሜትሩን ታገኛላችሁ። የኤፍ-5ኢ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.13 ሜትር ነው፤ እኔ ጋ 16.3 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የሚግ-21 7.15 ሜትር ነው፤ 14.3 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። ከሁለቱ በፊት የነበረው የአሜሪካ ጄት ኤፍ-86 ሴበር ደግሞ 11.3 ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ብትደረድሯቸው አሮጌው ሰፊ፣ አዲሶቹ ጠባብ ሆነው ታያላችሁ። ፍጥነት ሲመጣ ክንፉ እያጠረ ሄደ። ይሄን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ካርቶኑን ስቆርጥ ነው።

የኤፍ-5 ከባዱ ሥራ ወገቡ ነው። ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ የአየሩ ግፊት እንዳይከብደው አካሉ ክንፉ ጋ እንደ ኮካ ጠርሙስ ገባ ይላል። ካርቶን ወደ አንድ አቅጣጫ እንጂ ወደ ሁለት አይታጠፍም። ስለዚህ ቀጫጭን ጭረት እየቆረጥኩ አንዱን በአንዱ ላይ አነባብሬ በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ ነበረብኝ። የሚጉ ጣጣ ሌላ ነው። አየር የሚገባው በአፍንጫው ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ራዳሩን የያዘ ሾጣጣ አለ። ያ ሾጣጣ ትንሽ ከዘመመ አውሮፕላኑ በሙሉ የዘመመ ይመስላል።

እነዚህን ሁለቱን አብሬ የሠራሁት በምክንያት ነው። በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) በኦጋዴን ሰማይ ላይ የተገናኙት እነሱ ናቸው፤ ኤፍ-5ኢው የእኛ፣ ሚግ-21ዱ የሶማሊያ። የኤፍ-5ኢ አብራሪው ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ስማቸው የሚነሳው ከዚያ ውጊያ ጋር ነው፤ በኋላም ተማርከው 11 ዓመት ታስረዋል። ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ወዲያው ሶቪየቶች ለእኛም ሚግ-21 መስጠታቸው ነው። ስለዚህ ሚጉን የየትኛው ወገን አድርጌ ልቀባው? እስካሁን አልወሰንኩም፤ ሐሳባችሁን ጣሉብኝ።

ሠፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሻን አሉ። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ለዓመታት በኢንች ቁልፍ ሲሠሩ ኖረው፣ የሶቪየቱ አውሮፕላን ሲመጣ በሚሊ ሜትር እንደገና መጀመራቸውን እየሳቁ ያወራሉ። ከፍታ የሚነበበው በጫማ ነበር፣ ሜትር ሆነ። ኖት የነበረው ፍጥነት ኪሎ ሜትር በሰዓት ሆነ። ኤፍ-5ዬን አገላብጠው ካዩ በኋላ ያሉኝ ይሄን ነው፦ «ነዳጅ የጠጣ አውሮፕላን እንዲህ ቀና ብሎ አይቆምም፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። መነሻዬ የሙዚየም ፎቶ ነበር። ሙዚየም ያለ አውሮፕላን ነዳጅ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ሞተሩም ወጥቷል፤ ስለቀለለ ቀና ይላል። የመንኮራኩር እግሩ ውስጥ ያለው ዘይትና ጋዝ ሲያልቅ ደግሞ ወይ ዝቅ ብሎ ይቀራል፣ ወይ በብረት ተደግፎ ይቆማል። ወፍ ጎጆ እንዳይሠራበት የአየር መግቢያው ይደፈናል። ፀሐይ የቆየበት መስታወት ይደበዝዛል። ቀለሙም ብዙ ጊዜ ተደራርቦ የተቀባ ነው። አሁን ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው፤ ቀለሙን መጨረሻ። በረራ ላይ የነበረበትን ፎቶ አጠገቡ ሳላደርግ መቁረጥ አልጀምርም።

ይሄ ነገር የከበደኝ «ፀሐይ» ላይ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር እዚሁ አገራችን የሠራት፣ በ1935 መጨረሻ የበረረች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች ትንሽ አውሮፕላን ናት። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ቫልተር ቬነስ ነበር፤ ሰባቱ ሲሊንደሮች ዙሪያውን እንደተደረደሩ ፊት ለፊት ይታያሉ። ጣሊያኖች ሲገቡ ማርከው ወሰዷት፤ ሮም አቅራቢያ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ለአሥርት ዓመታት ቆይታ በጥር 2024 ተመለሰች። በደስታው መሐል አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፤ የተረፈችው ስለተወሰደች ይመስለኛል። ፋየርፍላይ የተባለው የእንግሊዝ ሥሪት የጦር አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው። ካናዳ በ1950ዎቹ ለእኛ ሸጠችልን፤ በ1993 ሁለቱ ለቅርስነት ወደ ካናዳ ተመለሱ። እኛ ጋ ያረጀ አውሮፕላን ዕጣው ብዙ ጊዜ ቁርጥራጭ ብረት ነው። አንዱን ክንፍ እንኳ በየከተማው ብናቆም ምን ነበረበት?

የፀሐይን ሲሊንደሮች በጥርስ መፋቂያና በክር ጥምዝ እየሞከርኩ ነው። ክሩ የማቀዝቀዣ ክንፎቹን በደንብ ይመስላል፤ ኮላ ሲበዛበት ግን ይጨማደዳል፣ ስለዚህ ኮላውን በውኃ አቅጥኑት።

ቀጣዩ ሳብ 17 የተባለው የስዊድን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነው። ከ1947 ጀምሮ ስዊድን ለኢትዮጵያ ከ40 በላይ ሸጣለች፤ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይሉን ያደራጁት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ያስመጧቸው ናቸው። የመንኮራኩር እግሮቹ ትልልቅ ሽፋን አላቸው፤ ቦምብ ለመጣል ወደ ታች ሲወረወር እግሮቹ ይዘረጉና ሽፋኖቹ እንደ ፍሬን ያገለግላሉ። ክንፉ 27.4 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን የጫማ ካርቶኑ አይበቃም፤ የቴሌቪዥን ካርቶን ያላችሁ አትጣሉት፣ መጥቼ እወስዳለሁ።