ሳሎንና መመገቢያ በአንድ ጠባብ ክፍል፦ የዘጠኝ ወር ማስታወሻዬ

ክፍሏ 5 ሜትር ከ40 በ3 ሜትር ከ20 ናት። ሳሎኑም መመገቢያውም እሷው ናት። ከዋናው በር ሲገቡ ክፍሏ በቁመቷ ፊት ለፊት ትዘረጋለች። ጫፉ ላይ አንድ መስኮት አለ። የወጥ ቤቱ በር ደግሞ በቀኝ ግድግዳ ላይ፣ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ነው። የሁለቱን በሮች ቦታ መጀመሪያ የምነግራችሁ የተማርኩት ሁሉ ከነሱ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

እንደኔ በጠባብ ክፍል ለምትታገሉ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ያበላሸሁትንም ያስተካከልኩትንም ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት

መጀመሪያ የገዛሁት ሶፋ ነበር። የኤል ቅርጽ ያለው፣ አንዱ ጎኑ 2 ሜትር ከ50፣ ሌላው 1 ሜትር ከ70። ሱቅ ውስጥ ሳየው መካከለኛ መሰለኝ። የሱቅ አዳራሽ ሰፊ ነው፣ ጣሪያውም ከፍ ያለ ነው። እዚያ ውስጥ ሁሉም ዕቃ ያንሳል። ቀጥሎ ለስድስት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ መጣ፤ 1 ሜትር ከ60 በ90 ሴንቲ ሜትር።

ሁሉም ገባ። ችግሩ ሰው ሲጨመር ነው የታየው። ሶፋው ከክፍሉ ርዝመት 2 ሜትር ከ50 ወሰደ። ከቀረው ላይ ጠረጴዛው ሲነሳለት በሁለቱም ጫፍ 65 ሴንቲ ብቻ ተረፈ። በጎንና በጎን 1 ሜትር ከ15 ነበረን፤ ይህ ወረቀት ላይ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው ሲቀመጥ ከነወንበሩ ከጠረጴዛው ጠርዝ 60 ሴንቲ ያህል ይይዛል። ከኋላው 55 ቀረ ማለት ነው። የወጥ ቤቱ በር ያለው ደግሞ በዚያው በኩል ነው።

ስለዚህ ከወጥ ቤት የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ በጎኑ ዞሮ ነበር የሚያልፈው። አንድ ማታ እናቴ ትኩስ ድስት ይዛ ስታልፍ የታናሽ ወንድሜን ክርን ነካችው። ቃጠሎው ቀላል ነበር። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቤቱን አሳምራለሁ ብዬ ለሰው መራመጃ ነፍጌ ነበር።

ሦስተኛው ወር፦ ወለሉ ላይ መሳል

ዕቃውን ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ገፋሁት። ቀለም ቀቢዎች ጠርዝ ለመሸፈን የሚለጥፉትን የወረቀት ፕላስተር ገዛሁ። ሲነቀል ወለሉን አያበላሽም። ከዚያ በፊት ዕቃ ነበር የምለካው፤ አሁን ግን መጀመሪያ የሳልኩት መንገዱን ነው። ከዋናው በር እስከ ወጥ ቤቱ በር፣ ከወጥ ቤቱ እስከ ጠረጴዛው፣ ከሶፋው እስከ መስኮቱ። ስፋቱን 80 ሴንቲ አደረግሁት። ዕቃ የሚቀመጠው ከመንገዱ በተረፈው ቦታ ብቻ ይሆናል አልኩ። ሁሉንም ነገር የቀየረው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

አሁን በቃሌ የያዝኳቸው ልኮች አሉ። ዋና መተላለፊያ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ። በሶፋና በአጭሯ ጠረጴዛ መካከል ከ40 እስከ 45፤ ጉልበት ያሳልፋል፣ እጅም ኩባያው ጋ ይደርሳል። ከመመገቢያ ጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ኋላ፣ ማንም የማያልፍ ከሆነ ቢያንስ 75፣ ሰው የሚያልፍ ከሆነ 1 ሜትር ከ35 ያህልና ከዚያ በላይ፤ የተቀመጠው 60 ይይዛል፣ ለሚያልፈው 75 ይቀራል። ለአንድ ተመጋቢ ከጠረጴዛው ጠርዝ 60 ሴንቲ። እነዚህ በድንጋይ የተጻፉ አይደሉም፤ እናንተ ቤት ያለው ሰው ቁመትና ውፍረት ይወስናል።

ትልቁን ሶፋ እህቴ ወሰደችው፤ የሷ ሳሎን ይችለዋል። በምትኩ 1 ሜትር ከ70 ርዝመትና 85 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ለሁለት ሰው የሚሆን ሶፋ ገባ። እግሩ ከወለል 15 ሴንቲ ከፍ ይላል። ይህን ነገር አቅልላችሁ አትዩት። ከሶፋ ስር ወለሉ እስከ ግድግዳው ሲታይ ዓይን ክፍሉን አይቆርጠውም። መጥረጊያም በቀላሉ ይገባል።

ጠረጴዛው ክብ ሆነ፤ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር፣ መሃሉ ላይ አንድ ወፍራም እግር ያለው። ዙሪያው 3 ሜትር ከ14 ስለሆነ ለአራት ሰው ይመቻል፣ አምስተኛም ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ማዕዘን ስለሌለው የሚያልፍ ሰው ዳሌው አይመታም። እግሩም አንድ ስለሆነ ወንበር የትም ይገባል። ለጠባብ ክፍል ከክብ ጠረጴዛ የተሻለ አላየሁም። የሚታጠፈውንም አስቤበት ነበር። ግን በየቀኑ ዘርግቶ ማጠፍ እንደሚሰለቸኝ ራሴን ስለማውቅ ተውኩት።

አምስተኛው ወር፦ መብራት

በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

ቤቱ ስንገባ ጣሪያው መሃል ላይ አንድ ነጭ አምፖል ነበር፤ 6500 ኬልቪን። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ብርሃኑ ሁሉንም ነገር እኩል ያሳያል። ሁለት ሥራ ላለበት ክፍል ግን እኩል ብርሃን ጥሩ አይደለም፤ የት ተቀምጦ እንደሚበላና የት ጋደም እንደሚባል አይለይም። ብዙ ሰው ሁለቱን ቦታ በመጋረጃ ወይም በመደርደሪያ ይከፍላል። እኔ በብርሃን ከፈልኩት።

ከጠረጴዛው በላይ ተንጠልጣይ መብራት አስገባን። የጣሪያው መስመር ያለው ከክፍሉ መሃል ስለሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ገመዱን በጣሪያው ላይ ወስዶ በመንጠቆ ከጠረጴዛው በላይ አወረደልን። መጀመሪያ ከጠረጴዛው 55 ሴንቲ ከፍታ ላይ ሰቀልነው፤ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ፊት ሸፈነ። ወደ 75 ስናወጣው ልክ መጣ። በሶፋው በኩል አንድ ቋሚ መብራት፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ መብራት አደረግሁ። ሦስቱም 2700 ኬልቪን ናቸው። በዚያ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ማታ ላይ ያሳርፋል። አንድ ክፍል ውስጥ ነጭና ቢጫ አምፖል አትቀላቅሉ፤ ግድግዳው የተለያየ ቀለም የተቀባ ይመስላል።

ማታ እራት ሲያበቃ የጠረጴዛውን እናጠፋና የሶፋውን እናበራለን። ክፍሉ ያኔ ሳሎን ይሆናል።

ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ቀለም

መጀመሪያ የገዛሁት ምንጣፍ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ70 ነበር። ከሶፋው ተነጥሎ ብቻውን ቀረ፤ ክፍሉንም አሳነሰው። 1 ሜትር ከ60 በ2 ሜትር ከ30 በሆነው ስተካው የሶፋው የፊት እግሮች ላዩ ላይ አረፉ፤ ሶፋው፣ አጭሯ ጠረጴዛና ምንጣፉ አንድ ሆኑ። ከመመገቢያው ስር ግን አላነጠፍኩም። ወንበር ሲሳብ እግሩ ከምንጣፉ እንዳይወጣ በየዙሪያው 60 ሴንቲ መትረፍ አለበት፤ ለኔ ጠረጴዛ 2 ሜትር ከ20 ክብ ማለት ነው። ቦታ የለኝም። ፍርፋሪውም አለ።

መስኮቱ 1 ሜትር ከ50 ስፋት አለው። የመጋረጃውን ብረት ከመስኮቱ በላይ 20 ሴንቲ ከፍ አድርጌ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ 20 ሴንቲ አስረዝሜ ሰቀልኩት። መጋረጃው ሲከፈት ከመስታወቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ጨርቁ የብረቱን ርዝመት እጥፍ ነው፤ ያለዚያ ሲዘጋ ይወጠራል፣ እጥፋቱ አያምርም።

ቀለም ላይ ነጭ ሁሉንም ክፍል ያሰፋል በሚለው አልስማማም። የኔ ክፍል ብርሃን የሚያገኘው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። ነጩ ቀለም በሩ አጠገብ ግራጫ ሆኖ ነበር የሚታየው። ቀለሙን በትልልቅ ካርቶን ላይ ቀብቼ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ በተለያየ ግድግዳ እያስደገፍኩ ለአንድ ሳምንት አየሁት። በመጨረሻ ወደ ክሬም የሚያደላ ፈዛዛ ቀለም መረጥኩ። ሁሉንም ግድግዳ አንድ ዓይነት ቀባሁ።

መስታወት ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት ሰቀልኩትና ያልታጠበውን ዕቃ ሁሉ ሳሎን አመጣው። መስታወት ከመሰቀሉ በፊት በቦታው ላይ ያዙትና ምን እንደሚያሳይ እዩ። አሁን ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ነው፤ የሚያሳየው ሰማይና የመጋረጃውን ጫፍ ነው።

አሁን ያለሁበት

እናቴ ባለፈው ሳምንት መጥታ ነበር። ድስቱን ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች፣ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ አየኋት። ምንም አላለችም፤ እኔም አላልኳትም።

የቀረኝ የዕቃ ማስቀመጫ ነው። የመጻሕፍቱና የሰሃኑ ነገር አልተፈታም። ከመስኮቱ ስር 40 ሴንቲ ጥልቀት ያለው፣ ክዳኑ ላይ የሚቀመጡበት ሳጥን ላሠራ አስቤአለሁ። አናጺውን ከመጥራቴ በፊት ቦታውን በፕላስተር ወለሉ ላይ ሳልኩት። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። በየማታው ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ። እስካሁን ማንም አልረገጠውም።