ጓዴና ዳለቻ፦ የ16 ወር ማስታወሻዬ

ውሻችን ጓዴ ቤታችን የገባው በጥቅምት ነው። ከደምበጫ፣ ከአጎቴ ቤት፣ በዘንቢል ሆኖ በሚኒባስ መጣ። ያኔ ገና 7 ሳምንቱ ነበር። ሁለቱም ጆሮዎቹ ተቆርጠዋል። ጫፋቸው አልደረቀም፣ ዝንብ ሰፍሮባቸዋል። አጎቴን በስልክ ስጠይቀው "ኃይለኛ እንዲሆን ነው" አለኝ። የደብረ ማርቆስን የጥቅምት ብርድ ታውቁታላችሁ። በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ማድ ቤት አስተኛሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ፣ እኔም አብሬው።

ዳለቻ ድመታችን ናት። እማየ አይጥ የጤፉን ጆንያ ስትፈጅባት ከጎረቤት ለምና ያመጣቻት ናት። ጓዴ ሲመጣ 2 ዓመት ሞልቷት ነበር።

አሁን የካቲት ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። እዚህ እስኪደርሱ ግን ብዙ ተምሬያለሁ። የታመሙባቸውን ቀናት መለስ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ይገርመኛል። አብዛኛው ሕመም የመጣው ከእኛው እጅ ነው። በክፋት አይደለም። ወይ አዝነንላቸው የሰጠናቸው፣ ወይ ሳናውቅ ያደረግንባቸው ነገር ነው። ቡችላና የድመት ግልገል ልታሳድጉ ያሰባችሁ ከእኔ ስህተት ብትጀምሩ ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው።

የጆሮውን ቁስል ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ትንሽ ጨው ጨምሬ ጠዋትና ማታ አጠብኩት። በ10 ቀን ውስጥ ዳነ። ጆሮ መቁረጥ ውሻን ኃይለኛ አያደርገውም። ለቡችላው የሚተርፈው ሕመሙ ብቻ ነው። አጎቴን ደውዬ ነግሬዋለሁ።

ከዚያ ሆዱ አበጠ። እኔ ጠግቦ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ጠዋት ሲያስመልሰው ፓስታ የመሰለ ነጭ ትል ወጣ። እየተንቀሳቀሰ ነበር። ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይዤው ሮጥኩ። ሐኪሙ ሆዱን ዳሰስ አድርጎ ብዙም አልደነቀውም። ቡችላ ይህን ትል ከእናቱ ማሕፀን ይዞት ይወለዳል፣ በጡትም ይጠባዋል። ስለዚህ የትላትል መድኃኒት የሚጀመረው በ2 ሳምንቱ ነው። እስከ 8 ሳምንት በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወሩ በየወሩ ይሰጣል። እኛ ዘግይተን ነበር።

መድኃኒቱ በኪሎ ነው የሚሰላው። ሚዛን ከየት ይምጣ? ወፍጮ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ አቅፌው ሚዛኑ ላይ ቆምኩ፣ ቀጥሎ ብቻዬን። ልዩነቱ 3 ኪሎ ሆነ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዱቄቱን ከእጁ እያራገፈ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ክብደቱን የምጽፍበት ትንሽ ደብተርም አለኝ። እንስሳ አሞኛል አይልም፣ ክብደቱ ሲቀንስ ግን ደብተሩ ይነግራችኋል።

የዚህ ትል እንቁላል በዓይነ ምድር ይወጣና አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ግቢ ውስጥ አፈር የሚጫወት ልጅ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ እሱም ይያዛል። የእህቴ ልጆች በየሳምንቱ ይመጣሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ሥራዬ በአካፋ ጠርጌ መቅበር ነው።

ታኅሣሥ ላይ 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ተከተበ። ዳለቻንም በካርቶን አድርጌ አብሬ ወሰድኳት፣ ድመትም ይህ በሽታ ይይዛታልና። ከዓመት በኋላ ይደገማል ተብዬ ዘንድሮ ደግሜያለሁ።

ስለዚህ በሽታ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ግንቦት ላይ የጎረቤታችን የ8 ዓመት ልጅ ተነከሰ። ባለቤት የሌለው ውሻ ነው፣ ነክሶት ሄደ። ልጁ ጥጃው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ብዙም አይደማም። አያቱ ነጠላቸውን እያጣፉ ጠበል ሊወስዱት ተነሱ። "እትየ፣ ጠበሉም አይቀርብዎ፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ብቻ መጀመሪያ እንጠበው" አልኳቸው። ቧንቧ ከፍተን በሳሙና 15 ደቂቃ አጠብነው። በስልኬ ሰዓት ቆጥሬ ነው። 15 ደቂቃ ስትቆሙበት እጅግ ረጅም ነው፣ ልጁም ያለቅሳል። ግን ቫይረሱ ያለው ምራቁ ውስጥ ነው። ውሃና ሳሙናው ብዙውን ከቁስሉ ያጥበዋል። ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው። ክትባቱን በየቀጠሮው ጨረሰ። ዛሬ ኳስ ይጫወታል።

ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሽታው የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሰው ሲይዝ ከ100 አጋጣሚ 99ኙ ከውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 100 ሰዎች 40ዎቹ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። የነከሰው ውሻ ከተገኘ ወዲያው አትግደሉት። በሰላም አስራችሁ 10 ቀን ይታይ። ደህና ከሆነ ሐኪሙ ያንን ይዞ ይወስናል። የተነከሰው ሰው ክትባት ግን 10ኛውን ቀን አይጠብቅም፣ በዕለቱ ይጀመራል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እኔ አላውቀውም ነበር። የታመመ ውሻ ሁሉ አብዶ አይሮጥም። አንዳንዱ ጥግ ይዞ ዝም ይላል። ድምፁ ይጎረናል፣ አገጩ ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ይህን ያየ ሰው "አጥንት ተሰንቅሮበት ነው" ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እባካችሁ አትክተቱ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ዳለቻ ከሳች። ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፣ ቤት ውስጥ ወተትም ቅቤም የለም። ለ55 ቀን የቀረበላት እንጀራ በሽሮ ነው። ለጓዴም ያው። ውሻ እንደ ሰው ከእህልም ከሥጋም ይኖራል። ድመት ግን ያለ ሥጋ አትኖርም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ የድመት ሰውነት በበቂ አያመርተውም፣ የሚገኘውም ከሥጋና ከዓሣ ነው። ሲጎድልባት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። "አይጥ ትብላ" ይባላል፣ ግን አይጥ በየቀኑ አይገኝም። በዚያ ላይ ሽሮው ውስጥ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለ። ሁለቱም የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ቢበስልም ያው ነው። እናንተ ስታዝኑ ወጥ የጠረጋችሁበትን እንጀራ ትወረውራላችሁ፣ እሷ ቀስ በቀስ ደም ያንሳታል።

እማየ በጾም ቤቷ የሥጋ ሽታ እንዲሸት አትወድም፣ ልክ ናት። ስለዚህ ለዳለቻ የራሷ ትንሽ ድስት ገዛሁ። ከቅበላ በፊት ያለ በርበሬና ያለ ጨው ትንሽ ቋንጣ አደርቃለሁ። በጾሙ ከቤት ውጭ፣ በከሰል ምድጃ እየቀቀልኩ እሰጣታለሁ። ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ካለ ዓሣ አስልካለሁ፣ እሾሁን ለቅሜ ነው የምሰጣት። የተቀቀለ እንቁላልም ትበላለች። ለጓዴ እንጀራውን ያለ ወጥ፣ ከተቀቀለ ድንችና ከእንቁላል ጋር። የዘንድሮውን ጾም እንዲሁ ጀምረናል።

አሁን ወደ ፋሲካው ልምጣ። ይህን ሳስብ አሁንም ይጨንቀኛል።

በጉ ታርዶ እማየ ሆድ ዕቃውን እየለየች ነው። ጓዴ ፊቷ ቁጭ ብሎ ጅራቱን ያወዛውዛል። ሳንባው የእሱ ነው፣ በሁሉም ቤት እንደዚያ ነው። አንስታ ልትወረውርለት ስትል የሆነ ነገር ዓይኔ ገባ። ሳንባው ላይ እንቁላል የሚያህል ነጭ ጉብታ አለ። "እማየ፣ ቆይ" አልኳት። በቢላ ጫፍ ስነካው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ጉበቱም ላይ ሁለት ትናንሽ አሉ። "ይኼማ ሁሌ አለ፣ ልጀ። ውሻ ምን ይሆናል?" አለች።

እውነቷን ነው፣ ውሻው ምንም አይሆንም። ችግሩም እሱ ነው። ያ ከረጢት የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻ ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆኑ ትሎች ይሆናሉ። ውሻው አይከሳም፣ አያስለውም፣ ጤነኛ መስሎ ይዞራል። እንቁላላቸው ግን በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ጠጉሩ ላይም ይጣበቃል። በግ ከሣሩ ጋር ሲበላው በጉ ሳንባ ላይ ከረጢቱ ይበቅላል። ሰው ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲጎርስ ደግሞ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ይበቅላል። ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምናም አይወጣም። ሰው የሚያዘው ሳንባውን በልቶ አይደለም፣ ከውሻው ነው።

ያን ቀን ከረጢት ያለበትን ሁሉ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ውሻ አውጥቶ እንዳይበላው ድንጋይ ጫንኩበት። ንጹሕ የሚመስለውን ቀቅዬ ሰጠሁት። ከበዓሉ በኋላ ሐኪሙ ፕራዚኳንቴል የሚባል የኮሶ ትል መድኃኒት ሰጠው፣ አሁን በየ3 ወሩ ይወስዳል። መድኃኒት በወሰደ ሰሞን ዓይነ ምድሩን በጓንት ለቅሜ እቀብራለሁ። ለሠፈራችን ሴቶች ሁሉ ነግሬያለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር የእያንዳንዱ ቤት ሳንባ የት እንደሚሄድ አስቡት።

መስከረም ላይ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልጻፍ። ክረምቱ ሲወጣ ጓዴን መዥገር ወረረው። ጆሮው ሥር፣ በጣቶቹ መካከል፣ ሁሉም ቦታ። ገበያ ላይ ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን በትንሽ ጠርሙስ ገዛሁ። በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ እንኳ አልጠየቅሁም። ጀርባውን ቀባሁት። ማታ ዳለቻ እንደልማዷ ጎኑ ላይ ተጠቅልላ ተኛች፣ ጠጉሯንም ላሰች። 2 ሰዓት አካባቢ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል፣ ቆዳዋ ሥር ጡንቻዋ ይርገበገባል። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብኳት፣ በፎጣ ጠቀለልኳት፣ ሐኪሙን ከቤቱ ቀሰቀስነው። የመርዙን ማርከሻ፣ አትሮፒን ወጋት። ሌሊቱን እጄ ላይ አደረች። ንጋት ላይ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ውሃ ላሰች።

እሷን ያሳመምኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ እለምናችኋለሁ። የከብት መድኃኒት በድመትና በውሻ ላይ አታድርጉ። ለውሻ ተብሎ የተሠራውም ቢሆን ፐርሜትሪን የሚባለው ተባይ ማጥፊያ ካለው ድመትን ይገድላል። የሰው መድኃኒትም እንዲሁ። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ለመግደል ይበቃል። አይጥ በመርዝ የምትገድሉም የሞተችውን አይጥ ማን እንደሚበላት አስቡ። እኛ ግቢ መርዝ ቀርቷል።

አሁን መዥገሩን በወረንጦ ነው የምነቅለው። ቆዳው ሥር ጠበቅ አድርጌ ይዤ ቀጥ አድርጌ እስባለሁ፣ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ እጨምራለሁ። በጣት አልጨፈልቅም። ማታ ማታ እማየ ቡና ስታፈላ እኔ ጓዴን እፈትሻለሁ። ለቁንጫ ደግሞ እንስሳው ላይ ብቻ አትድከሙ። የምታዩት ቁንጫ ጥቂቱ ነው፣ እንቁላሉና እጩ ወለሉና መኝታቸው ውስጥ ነው። ጆንያቸውን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ አጥባለሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ ጥግ ጥጉን እጠርጋለሁ። ሩዝ የመሰለ ነገር ጅራታቸው ሥር ካያችሁ ከቁንጫ የሚመጣ የኮሶ ትል ነው፣ ሁለቱም አብረው ይታከሙ።

የጓዴን እህት የሥራ ባልደረባዬ ወስዳት ነበር። በ3 ወሯ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟት በ2 ቀን ሞተች። ሐኪሙ ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ ነው ብሎ ጠረጠረ። ባልደረባዬ አዝና በሳምንቱ ሌላ ቡችላ ልታመጣ ስትል ከለከልኳት። ቫይረሱ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። ሲሚንቶውን 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣ አጠበችው፣ ዓመት ጠበቀች። አዲሱ ቡችላ ደህና ነው።

ጓዴ ቀን ቀን የሚታሰርበትን ሰንሰለት ያስፈታሁት በጥር ነው፣ እሱ ብዙ ክርክር ነበረው። አባየ "ውሻ ቀን ካልታሰረ ማታ አይጮኽም" ይላል። የጓዴ አንገት ግን ሰንሰለቱ ሥር ጠጉሩ አልቆ ቀልቶ ነበር፣ እዚያው ተጸዳድቶ እዚያው ይተኛል። አጥሩን ጠገንን፣ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ቤት ሠራንለት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በገመድ ይዤው እወጣለሁ። አሁን ሌሊት ዝም ብሎ አያላዝንም። ሰው ሲመጣ ብቻ ይጮኻል። አባየም ትናንት ከደጅ ሲገባ ቆም ብሎ አንገቱን ሲያሻሽለት አየሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ሄድን። ጓዴን አቅፌ መቆም አልቻልኩም፣ ራሱ ሚዛኑ ላይ ወጣና ቁጭ አለ። 19 ኪሎ። ባለቤቱ ቁጥሩን አየና "የእኔ ቡችሎችንም ለትሉ መድኃኒት ልመዝናቸው ነው፣ በስንት ጊዜያቸው ነው የሚጀመረው?" አለኝ። ግቢው ውስጥ 4 ቡችሎች አሉት፣ ትናንት 2 ሳምንታቸውን ደፈኑ። ሰኞ ጠዋት አብረን ክሊኒክ እንሄዳለን፣ ዘንቢሉን እኔ ነኝ የማመጣው።