አንጓ ላይ ያለች ትንሽ ቁስል

ትላንት ጠዋት እዚህ ብቸና አጠገብ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ አንድ ጎልማሳ ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ሲፈታው የመሐል ጣቱ አንጓ ላይ ሽምብራ እንኳ የማታክል ቁስል አለች። የተፈጨ ቡና ነስንሶባታል።

«ሽቦ ነው ሲስተር፤ አጥር ሳጥር ቧጨረኝ» አለኝ። ዓይኑ ግን መሬት መሬት ያያል።

በሩን ዘጋሁ። «ስማኝ ወንድሜ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም። የሰው ጥርስ ከሆነ ግን ሕክምናው ሌላ ነው።»

ዝም አለ። ቆይቶ ተናገረ። ከትላንት በስቲያ ማታ ጠላ ቤት ከአጎቱ ልጅ ጋር ተጣልተው አፉን በቡጢ ብሎታል።

ይህን መጠየቅ የተማርኩት በሰው ጣት ነው። ሥራ በጀመርኩ ዓመት እንዲህ ያለች ቁስል ይዞ የመጣ ገበሬ ነበር። አጥቤ፣ በሁለት ስፌት ዘግቼ፣ ክሎክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጥቼ ሸኘሁት። በሦስተኛው ቀን እጁ አብጦ፣ መግል ቋጥሮ መጣ። ሆስፒታል ሄዶ መገጣጠሚያው ተከፍቶ ታጠበ። እጁ ተረፈ። ጣቱ ግን አይታጠፍም። ጤፍ ሲያጭድ አየዋለሁ፤ አራቱ ጣቶች ማጭዱን ይይዛሉ፣ አንዷ ቀጥ ብላ ትቀራለች። ሳየው እስከ ዛሬ ሆዴ ይላወሳል።

ሁለት ነገር ነበር ያጠፋሁት። የሰው ንክሻ እጅ ላይ ሲሆን አይሰፋም፤ ክፍት ይተዋል። ክሎክሳሲሊን ደግሞ ኢኬኔላ የሚባለውን የአፍ ባክቴሪያ በደንብ አይገድለውም። ሁነኛው ኦግመንቲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ካልሆነ።

ቁስሏ ለምን እንደምታታልል ልንገራችሁ። እጅ ሲጨበጥ አንጓው ላይ ያለው ቆዳ ይወጠራል። ጥርስ ቆዳውንና ጅማቱን አልፎ መገጣጠሚያው ድረስ ይገባል። እጁ ሲዘረጋ የተቀደደው ጅማት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የጅማቱ ቀዳዳና የቆዳው ቀዳዳ አይገጥሙም። ጀርሙ ውስጥ ተዘግቶበት ይቀራል። ስለዚህ ቁስሏ ጣት ተዘርግቶም ተጨብጦም መታየት አለባት።

«እስቲ ቀስ ብለህ ጨብጥ» አልኩት። አመመው። ከቀዳዳዋ ድፍርስ ጠብታ ወጣች። አንጓው ዙሪያም ሞቋል። ከዚህ በኋላ ዋናው ሥራ የሆስፒታል እንጂ የእኔ አልነበረም። እስከዚያው በብዙ ሳላይን፣ በንጹሕ የጨው ውሃ፣ አጠብኩለት። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወጋሁት፣ የመጀመሪያውን ኦግመንቲን ሰጠሁት። እጁን በስፕሊንት ደግፌ ደረቱ ላይ አሰርኩና ሪፈር ጻፍኩ።

«ጤፉ ሊረግፍብኝ ነው እኮ! ነገ ብሄድስ?»

«ዛሬ ነው የምትሄደው» አልኩት። «የአጎትህ ልጅ ጥርሱ ተሰብሯል?»

«ጫፉ... መሰለኝ።»

ሪፈሩ ላይ ራጅ የሚለውን አሰመርኩበት፤ የጥርስ ስባሪ ውስጥ ሊቀር ይችላል። የአጎቱን ልጅም አስጠራሁት። የከንፈሩን ቁስል አየሁ፤ ሁለቱም የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ እንደሚያስፈልጋቸው ነገርኳቸው። ደም ለደም ተነካክተዋላ።

ዛሬ ከሰዓት ስልኬ ጠራ። የአጎቱ ልጅ ነው፤ አስታማሚ ሆኖ አብሮት ሄዷል። «ሲስተር፣ አሁን ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት» አለኝ። ከንፈሩ ገና ስላበጠ ቃላቱ በደንብ አይሰሙም።