ነጥብ መዝጋቢው አባቴና ኪቡጽ

አዳማ ውስጥ የመስኖ ዕቃ በሚሸጥ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ። ከመቂ፣ ከባቱና ከቆቃ የሚመጡ ቲማቲምና ሽንኩርት አምራቾች ለጠብታ መስኖ የሚሆን ቱቦ በጥቅል እየገዙ ይሄዳሉ። ይህንን ቴክኖሎጂ ለገበያ ለማምረት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ኩባንያ ያቋቋሙት (የእስራኤሉ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ያለው የሐጸሪም ኪቡጽ፣ ማለትም ሀብትንና ሥራን በጋራ ይዞ የሚኖር መንደር፣ ነዋሪዎች ናቸው። ገዢዎቻችን ከቱቦው ዋጋ በላይ ማወቅ አይጠበቅባቸውም። እኔን ግን የሰዎቹ አኗኗር ሳበኝ፤ ምክንያቱም አባቴ ነው።

አባቴ በደርግ ዘመን አርሲ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነጥብ መዝጋቢ ነበር። ማኅበሩ ከመጀመሪያው ደረጃ ከመልባ ወደ ቀጣዩ ወደ ወልባ አድጎ በሬና ሞፈሩ ሳይቀር የጋራ ሆኗል። ማን ለአረም፣ ማን ለእርሻ፣ ማን ለጥበቃ እንደወጣ በየቀኑ ይጽፋል፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የተመደበ ነጥብ አለ፤ እህሉ ሲወቃ ድርሻ የሚወጣው በዚያ ነው። ማታ ማታ «እኔ ሳርስ ውዬ ከዛፍ ሥር ከተጋደመው ጋር እኩል ነጥብ?» እያለ ደጃችን የሚቆም ሰው አይጠፋም ነበር።

ኪቡጽ ውስጥ ነጥብ እንዳልነበረ ስነግረው አላመነኝም። የመጀመሪያዋ ኪቡጽ ደጋንያ በ1910 ከገሊላ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ ከተመሠረተች ጀምሮ ደንቡ፣ ሰው እንደ አቅሙ ሠርቶ እንደሚያስፈልገው ይውሰድ የሚል ነው። ላም አላቢውና የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ድርሻቸው እኩል፤ ምግቡ በጋራ አዳራሽ፣ ልብሱም በጋራ ማጠቢያ ቤት።

«ሰነፉን በምን ያዙት ታዲያ?»

«በሰው ዓይን፣ አባዬ። ሁሉም አንድ አዳራሽ ነው የሚበላው።»

«እሱማ ከነጥብም ይብሳል» ብሎ ሳቀ።

እናቴ የጠየቀችው ስለ ልጆቹ ብቻ ነው። በብዙዎቹ ኪቡጾች ሕፃናት ከእኩዮቻቸው ጋር በልጆች ቤት ያድሩ፣ ወላጆቻቸውን ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ያገኙ እንደነበር ነገርኳት። «ሌሊት ሲያለቅስስ?» አለች። የኪቡጽ እናቶችም ይህንኑ ጠይቀዋል፤ አሠራሩ ቀስ በቀስ እየቀረ በ1990ዎቹ ፈጽሞ ጠፋ።

መቁጠር የመጣው ከዕዳ ጋር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የእስራኤል የዋጋ ንረት በዓመት ከ400 በመቶ አልፎ ነበር፤ መንግሥት በ1985 ንረቱን ሲገታ ወለዱ ሰማይ ነካ፤ በብድር ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ሲገነቡ የነበሩት ኪቡጾች መክፈል አቃታቸው። ወጣቱም ወደ ከተማ ኮበለለ። ከዚያ በየቤቱ የመብራት ቆጣሪ ገባ፤ አዳራሹ የሚበላውን ሰው ማስከፈል ጀመረ፤ ብዙ ቦታ ጭራሹን ተዘጋ። ቀጥሎ ደመወዝ እንደ ሥራው ዓይነት ተለያየ። ደጋንያ ራሷ በ2007 ይህንኑ ተቀበለች። ዛሬ ከ270 ገደማ ኪቡጾች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ይኖራሉ፤ በቀድሞው እኩልነት የቀሩት ጥቂቶች ናቸው።

«ከሸፈ» የሚሉ ሰዎች አይጥሙኝም። ኪቡጽ የገባው ወዶ ነው፤ ደንቡ ሲቀየርም አባላቱ ለዓመታት ተጨቃጭቀው፣ እጅ አውጥተው ነው። የእኛ ማኅበር የቆመውም የፈረሰውም ከላይ በመጣ ቃል ነው። የካቲት 1982 ዓ.ም. የግል ሥራም የሚፈቀድበት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአባቴ ማኅበር አባላት ወቅት አልጠበቁም፤ መሬቱንም በሬውንም ተከፋፍለው ተበተኑ። አባቴ በዚህ አይስማማም፤ «ነጥቡ በትክክል ቢያዝ ኖሮ ይቆይ ነበር» ይላል። የሒሳብ ሰው ነኝና ልደግፈው ይዳዳኛል፤ ግን የዚያን ጊዜ ገበሬ ማሳውን በእጁ እንዳገኘ እንዴት እንዳረሰ የነገረኝም እሱ ራሱ ነው።

በመጨረሻ የጠየቀኝ ስለ ሽማግሌዎቹ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው በስማቸው ሳንቲም ያላስቀመጡት ምን ይበላሉ? አዲሱ አሠራር ብዙ ከሚያገኙት ላይ መዋጮ እየቆረጠ እነሱን ይደግፋል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አርሲ በሄደ ቁጥር አንድ የቀድሞ አባል «ያልተወራረደ ነጥብ አለኝ» እያሉ ይይዙታል፤ የሚያወራርድለት ማኅበር ስለሌለ ቡና ይጋብዛቸዋል።