160 ጊጋ ሠርግ

ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ከቴሌቪዥኑ ሥር «ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አይጥ መሰለችኝ። ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አይጥ ምን ትሠራለች? ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ስደግን ድምፁ ከመቅረጫው ነው። ክው አልኩ።

መቅረጫ የምለው እህቴ በ2001 ዓ.ም ከዱባይ ስትመለስ ያመጣችውን ማሽን ነው። ዲቪዲ ያጫውታል፣ ባዶ ዲቪዲ ላይ ይቀርጻል፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ 160 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አለው። «ቀጭ» የሚለው እሱ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል እንዲህ ያደርጋል። ያኔ የእኔ ፍላሽ 2 ጊጋ ነበር፤ በእሱም እኮራ ነበር። አንድ ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋ ነው፣ በደህና ጥራት የሁለት ሰዓት ቪዲዮ። ማሽኑ በዚያው ጥራት 68 ሰዓት ያህል ይውጣል። እማዬ ግን ሻንጣው ሲከፈት አይታ «ምነው ብርድ ልብስ ብታመጪ» ነበር ያለችው።

መጀመሪያ የተጣላነው በሰዓት ነው። እማዬ የማታ ሁለት ሰዓት ዜና ቅረጽልኝ አለችኝ። 2:00 ብዬ ሞላሁ። ማሽኑም ታዛዥ ነው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቶ ሽሽሽ የሚል ዝናብ ቀርጾ ጠበቀን። 20:00 ማለትን እስክለምድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ዋናው ሥራው ግን የቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ሆዱ መገልበጥ ነበር። የድሮውን ዴክ በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ገመድ ከጀርባው ሰካሁና የታላቅ ወንድሜን የ1989 ዓ.ም ሠርግ አስገባሁ። የሦስት ሰዓት ካሴት። መጀመሪያ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ኢፒ በሚባለው ቀረጽኩት፣ አንድ ዲቪዲ ላይ ስድስት ስምንት ሰዓት በሚያጭቀው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲያወሩ ምንም አይልም። እስክስታው ሲጀመር ግን ጉድ ፈላ! የአክስቴ ትከሻ ካሬ ካሬ ሆኖ ተበታተነ። ፈጣን እንቅስቃሴ ብዙ ዳታ ይፈልጋል፤ ኢፒ ደግሞ ቋጣሪ ነው። አጥፍቼ በኤስፒ፣ በዚያ በሁለት ሰዓቱ ጥራት፣ እንደገና ቀረጽኩ።

አባዬ የሚመርቀው እዚያ ውስጥ ነው። «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲል ድምፁ ትንሽ ይሰበራል፤ ከዚያ ለማስመሰል ያስላል። ከሞተ በኋላ ድምፁ ያለን እዚያ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ውድ ነገር ለምን ዲቪዲ ላይ አልገለበጥኩም? ቦታ ስለነበረ ነዋ! ቢሞላ ኖሮ እገለብጥ ነበር። 160 ጊጋ ግን አይሞላም፤ ነገ፣ ለፋሲካ፣ ለገና ስል ዓመታት ሄዱ። ይባስ ብሎ ከሳሪስ ወደዚህ ስንገባ ካሴቶቹ ሻግተው ስለነበር ጣልኳቸው። ቢኖሩስ በምን ይታያሉ? ዴኩ ሞቷል። ሲሠራ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ በሐምሌ 2008 ዓ.ም ዴክ ማምረት አቁሟል።

ማሽኑን ተሸክሜ ሳሪስ ወደሚገኝ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ ቶሎ ፈታውና ሃርድ ዲስኩን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ዲስኩ ለጊዜው ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ።

«ፋዘር፣ ፎርማት ልበለው?» አለኝ፣ ጣቱ ማውዙ ላይ ነው።

ያለውን ሁሉ ላጥፋው ማለቱ ነው! እጁን ይዤ ጎተትኩት። ወንበሩ ጮኸ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ማሽኖች ፋይሉን የሚያስቀምጡት በራሳቸው ቋንቋ ስለሆነ ዊንዶውስ ባዶ ዲስክ ይመስለዋል። ከተቀረጸበት ማሽን ውጪ ላንብብህ ቢሉት እሺ አይልም። መልሰህ ግጠምልኝ አልኩት። ከፍዬ ወጣሁ።

በማግስቱ መብራት ከመሄዱ በፊት ልቅደም ብዬ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሳሁ። ማሽኑ ሲቀዘቅዝ ይሻለዋል መሰል፣ ተነሳ። ሠርጉን አስቀደምኩ። ቀድሞውኑ በዲቪዲ ዓይነት ተቀርጾ ስለተቀመጠ መገልበጡ ፈጣን ነው፤ አንዱ ዲስክ ሩብ ሰዓት ያህል። ጭንቁ ፋይናላይዝ የሚሉት ማሳረጊያ ነው። እሱ ካልተደረገ ሌላ ማጫወቻ ዲስኩን አያውቀውም፤ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል። ቁጥሩ ሲቆጥር እኔ የማየው አምፖሉን ነበር።

ሠርጉ ሁለት ዲስክ ሆነ። ማርከር ይዤ በላያቸው «አባዬ 1» «አባዬ 2» ብዬ ጻፍኩ። ሠርጉ የወንድሜ መሆኑ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ሦስተኛው ላይ የእህቴን ምርቃት አወጣሁ። አራተኛውን ስጀምር «ቀጭ» አለ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ለመንኩት። በቃ።

አራተኛው ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ የሰጡኝ የልጃቸው ክርስትና ነበር። ልጁ አሁን ካናዳ ነው። ካሴቱን «አንተ ጋ አለ አይደል» ብለው ጥለውታል። ዛሬ ቡና ጠርተውናል። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ «ምን ትጽፋለህ፣ ቡናው ሊቀዘቅዝ ነው» እያለችኝ ነው።