ወደ አዲስ ዓለም፣ የስንዱ ገብሩን ዱካ ፍለጋ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ የገባሁበት ቀን ከድካም በቀር ምንም አልተወልኝም። በማግስቱ ስድስት ኪሎ ወጥቼ፣ ከሰማዕታት ሐውልቱ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ለሴት ልጆች በተከፈተው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ቆምኩ። እኔም መምህርት ነኝና፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመሩትን፣ ለተማሪዎቻቸውም ቴአትር እየጻፉ ያሠሩበትን ግቢ ከውጭም ቢሆን ማየት እመኝ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ «የካቲት 12» ተብሎ ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. ከዚያ ቀን ፍጅት በኋላ ፋሺስቶቹ አዚናራ ወደተባለችው ደሴት ካጋዟቸው ሰዎች አንዷ ደግሞ ራሳቸው ስንዱ ነበሩ። ስሙን ያወጣው ሰው ይህን አስቦት ይሆን?

ሌሊቱን ከአልጋዬ በታች ያለው ጭፈራ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላስተኛኝም። ጠዋት አስኮ መናኸሪያ የሚኒባሱ ረዳት ከታሪፉ ላይ 30 ብር ጨመረብኝ፤ ብከራከረው «የሻንጣ ነው» አለኝ፣ ሻንጣዬ ግን ጭኔ ላይ ነበር። ሐዋሳ ቢሆን ኖሮ ወርጄ በሄድኩ። ሆለታን በዝናብ አለፍናት።

ስንዱ በ1908 ዓ.ም. የተወለዱባት አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። የጠየቅኳቸው ሁሉ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሊያደርጉት ጀምረውት በኋላ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ሕንፃ ይጠቁሙኛል እንጂ፣ አባቷ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ስዊዘርላንድ ልከው ያስተማሯትን፣ በ1950 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆነችውን የአገራቸውን ልጅ የሚያውቅ አላገኘሁም። ተናደድኩ፤ ቆይቼ ግን የእኔም ተማሪዎች ቢጠየቁ ምን እንደሚመልሱ ሳስብ ንዴቴ በረደ።

ካፊያው ሲበረታ አንዲት እናት ከጃንጥላቸው ሥር አስጠጉኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው «እኛን ደግሞ ማን ያስተምረን ነበር፣ ልጄ፤ ፊደሉን የቆጠረው ወንድሜ ነው» አሉና ስልካቸውን ከመቀነታቸው አወጡ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጃቸው፣ ማንበብ ስለማይችሉ፣ በስሟ ፈንታ የአበባ ምልክት አድርጋላቸዋለች። ከአበባው ሥር ያልተነበበ መልእክት ነበር፤ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ።

«ፈተና ጨርሻለሁ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» ይላል። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።